«ጋሼ፣ ይኼ የወጣት ነው»

ሀገራችን ሰውን ቶሎ ታስረጃለች። ገና ሠላሳ ሳይሞላው «ጋሼ» ይባላል። ሠላሳ አምስት ላይ ሲደርስ «አባባ፣ ጫማ ይጠረግ?» የሚሉ ሊስትሮዎች ይመጣሉ። አርባ ሲሞላው ደግሞ የሚከለከለው ነገር ከሚፈቀድለት ይበልጣል። ቁምጣ ለብሶ ከቤት ቢወጣ «ምነው፣ ደኅና አይደለም እንዴ?» ይባላል። ብስክሌት ቢነዳ መኪናውን ሸጦ ይመስላቸዋል። ጠዋት ተነሥቶ ቢሮጥ ሐኪም አዝዞት ነው እንጂ ወድዶ ነው የሚል የለም። ሴት ከሆነችማ አታንሡት! የሁለት ልጆች እናት ገመድ ስትዘል ብትታይ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጠበል ሊወስዳት ይመክራል።

ዛሬ የምጣላው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። የምጣላበትን ቦታ ስነግራችሁ ግን እንዳትስቁ። ቦታው ውሃ ውስጥ ነው። ጉዳዬ ዋና ነው፤ ያውም የውድድር ዋና። ሆቴል ገንዳ ዳር ተጋድሞ ጁስ መጠጣትን አይደለም የምለው። መስመር ተሰጥቶ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ፊሽካ ተነፍቶ የሚዋኘውን ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ከወጣቶች ጎን ቆሞ የመወዳደር መብት አለው ወይስ የለውም? እኔ «አለው» ባይ ነኝ። እንዲያውም እንደኛ ባለ ሀገር ይህን መብት መንፈግ በጎልማሳው ላይ ብቻ ሳይሆን በገጠር ልጅ ሁሉ ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው እላለሁ። እንዴት? ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

*

እኔ ያደግሁት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለው ገጠር ነው። ከዚያ አገር ውሃ የማያውቅ ሰው አይወጣም። ፍኖተ ሰላም ላህ የሚባል ወንዝ አላት። ቡሬ ፈጣም አላት። ብር የተባለው ወንዝም የዚያው አገር ነው። ሁሉም ዞረው ዞረው ዓባይ ይገባሉ። ዓባይ ራሱ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን ዙሪያዋን ከብቦ ይወርዳል። ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ወለጋ የሚሄድ ሰው ዓባይን ሳይሻገር ነቀምቴ አይገባም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው እኛን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ዋና የተማርነው ከብት ስንጠብቅ ነው። አሠልጣኛችን ከኛ አንድ ክረምት ቀድሞ የተማረ እረኛ ነበር። የሥልጠናው ዘዴም አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላ መጥቶ ጥልቁ ውስጥ መገፍተር። ተንፈራግጦ የወጣ ዋናተኛ ሆነ። ያልወጣውን እናቱ ታስታውሰዋለች።

ክረምት ገብቶ ወንዙ አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ደግሞ ገበያተኛ የሚያሻግሩ ሰዎች ነበሩ። ዕቃውን በአቁማዳ ቋጥረው፣ ሰውየውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው፣ በዚያ ደፍራሽ ውሃ ላይ እየቀዘፉ ወዲያ ማዶ ያደርሱታል። እነዚህ ሰዎች ጎረምሶች አልነበሩም። አርባውን ያለፉ፣ አንዳንዶቹም አምሳን የተጠጉ ጎልማሶች ነበሩ። ጎረምሳው ዳር ቆሞ ያያል፤ ጎልማሳው ይገባል። ለምን ቢሉ ሙሉ ወንዝ በጉልበት ብቻ አይሻገሩትም። የት ላይ እንደሚሽከረከር፣ የት ላይ ወደ ታች እንደሚስብ፣ የት ላይ እንደሚለቅ ማወቅ ይጠይቃል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ያንን ግንድ ከሩቅ አይቶ ማሳለፍ የዓመታት ትምህርት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሞት በተቀመጠበት ወንዝ ፊት «አያ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ገበያተኛ አልነበረም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ታሻግረኛለህ ወይ?» ሞት በሌለበት፣ ወለሉ በሚታይ፣ ዳሩ በሴራሚክ በተለበጠ ገንዳ ፊት ግን ዕድሜ ይጠየቃል። ሠለጠንን የምንለው ይኼንን ነው?

*

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ የዋና ውድድር መኖሩን ሰማሁ። የከተማውንም የአዘጋጁንም ስም ልተወው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሳምንት አራት ቀን እዋኛለሁ። ሰዓቴንም አውቀዋለሁ፤ የሚያኮራ ባይሆንም የሚያሳፍር አልነበረም። ልመዘገብ ሄድሁ። መዝጋቢው ትሑት ወጣት ነው። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ።

«ለልጅዎ ነው ጋሼ?»

«ለራሴ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለየትኛው?»

«ለ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የወጣት ነው።»

«ደንቡ ላይ የዕድሜ ጣሪያ አለ?»

ደንቡን አነሣ። ገለጠ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠው። «የለም» አለኝ በመጨረሻ። «ግን...»

«ግን ምን?»

«ነውር ነው እኮ ጋሼ።»

ኃላፊው ተጠርተው መጡ። እሳቸው ደግሞ በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ እንደ ወንድም ትከሻዬን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ምን ሆነሃል? ከልጆች ጋር ተጋፍተህ ምን ልታተርፍ? ይልቅ የክብር እንግዳ ሆነህ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥ። ሜዳሊያ ታጠልቅላቸዋለህ» አሉኝ። በክፋት አይደለም። ከልባቸው ሊያከብሩኝ ነው። ግን አስቡት፤ ከውሃው አውጥተው ወንበር ሰጡኝ። እኛ ሀገር ሰው የሚባረረው በዱላ ብቻ አይደለም። በወንበርም ይባረራል።

ይህን የማወራው ላለቅስ አይደለም። ነገሩ የት ላይ እንደተቋጠረ እንድታዩ ነው። ደንብ አልከለከለኝም። ሐኪም አልከለከለኝም። ሰዓቴም አልከለከለኝም፤ ማንም ሰዓቴን አልጠየቀኝምና! የከለከለኝ «ነውር» ነው። ደንብ ቢሆን አቤት ይባልበታል፤ ይሻሻላል። ነውር ግን ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ የሚፍቀውም የለም።

*

«አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከታላላቅ ዋናተኞች ጋር ይወዳደራል ወይ?» ለምትሉኝ የተደረገውን ልንገራችሁ።

ዳራ ቶሬስ የምትባል አሜሪካዊት አለች። መጀመሪያ ኦሊምፒክ የዋኘችው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ጊዜ ዋና አቆምሁ ብላ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ መስመሯ ላይ ስትቆም 41 ዓመቷ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አላት። በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ 24.07 ሰከንድ ገብታ ብር አገኘች። ያሸነፈቻት ጀርመናዊቷ ብሪታ ሽቴፈን 24.06 ነው የገባችው። የ24 ዓመት ወጣት ናት። የ17 ዓመት የዕድሜ ልዩነት ውሃው ውስጥ ሲገባ የአንድ መቶኛ ሰከንድ ልዩነት ሆነ። ቶሬስ በዚያ ኦሊምፒክ በቡድን ዋና ሁለት ብር ጨምራ ነው የተመለሰችው። «አንድ ነገር ወስዳ ይሆናል» ብለው ለሚጠረጥሩም በፈቃዷ ለተጨማሪ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ቀርባለች። ከአራት ዓመት በኋላ በ45 ዓመቷ ለለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያ ቀርባ የቀረችው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው።

ኒኮላስ ሳንቶስ የተባለው ብራዚላዊም አለ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ በ25 ሜትር ገንዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በ50 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ወርቅ ሲያጠልቅ 42 ዓመቱ ነበር። አሜሪካዊው አንቶኒ ኧርቪን በሲድኒ ኦሊምፒክ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ወርቅ ያገኘው በ19 ዓመቱ ነው። ከዚያ ዋናውን ትቶ ጠፋ። ተመልሶ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ያንኑ ወርቅ እንደገና ወሰደ፤ በ35 ዓመቱ።

ሪዮ ካልን ዘንድ አንድ ሌላ ሰው እናስታውስ። በዚያው ኦሊምፒክ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ገንዳ የኛው ሮቤል ኪሮስ ዋኝቷል። በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ወጣ። ዓለም በሰውነቱ አቋም ሳቀበት። አባቱ በጊዜው የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለነበሩም ብዙ ተባለ። እኔ ወደዚያ ሐሜት አልገባም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሮቤል ያን ጊዜ ዕድሜው ስንት ነበር? 24። የዋናተኛ አፍላ ዕድሜ የሚባለው! ውድድሩን ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ 18 ዓመቱ ነበር፤ 47.58 ነው የገባው። እንግዲህ ደምሩት። በአንድ ገንዳ ውስጥ የ18 ዓመቱ ልጅ ወርቅ ወሰደ፤ የ35 ዓመቱ ጎልማሳ ወርቅ ወሰደ፤ በመካከል ያለው የኛ የ24 ዓመት ወጣት መጨረሻ ወጣ። ዕድሜ ቢሆን ኖሮ የሚወስነው ይኼ ሂሳብ እንዴት ይገጥማል?

አይገጥምም። የወሰነው ውሃው ነው። ሁለቱ ወርቅ የወሰዱት ከልጅነታቸው ጀምሮ ገንዳ፣ አሠልጣኝና የማያቋርጥ ውድድር ነበራቸው። የኛ ሀገር ዋናተኛ ግን 50 ሜትር ገንዳ ውስጥ መዋኘት ራሱ ብርቁ ነው። እኛ ግን «ለምን በቂ ገንዳ የለንም?» ብለን ከመጠየቅ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብለን መጠየቅ ይቀለናል። ዕድሜ መጠየቅ በጀት አያስወጣማ!

ኤሪክ ሙሳምባኒንም አንርሳው። የኢኳቶሪያል ጊኒው ዋናተኛ በሲድኒ ኦሊምፒክ 100 ሜትሩን ብቻውን ዋኝቶ 1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ የፈጀው። ሊሰጥም ነው ተብሎ ተፈርቶለት ነበር። ዋና ከጀመረ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ የተለማመደውም ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ይበልጣል። በአራት ዓመት ውስጥ ሰዓቱን ከ57 ሰከንድ በታች አወረደው፤ ግማሽ ያህሉን ቀነሰው ማለት ነው። በቪዛ ጉዳይ አቴንስ ሳይሄድ ቀረ እንጂ የሳቁበትን አፋቸውን ባስያዛቸው ነበር። ይህ ሰው ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ፈጠነ። ለምን? ዘግይቶ ስለጀመረ ነዋ!

*

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዘግይቶ መጀመር።

ገንዳ ባለበት ከተማ፣ ገንዘብ ካለው ቤት የተወለደ ልጅ በ6 ዓመቱ ውሃ ውስጥ ይገባል። 25 ዓመት ሲሞላው 19 ዓመት ዋኝቷል። እውነት ነው፤ ሊደክመው ይችላል። ከቡሬ ገጠር የወጣውን ልጅ ደግሞ ውሰዱ። ወንዝ ያውቃል። ትንፋሽ አለው። ፍርሃት የሚባል የለውም። ግን እኔ ባደግሁበት ዘመን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የውድድር መዋኛ ገንዳ በዓይኔ አላየሁም። ያ ልጅ መስመር የተሰመረበት ገንዳ የሚያየው ምናልባት ለትምህርት ወይም ለሥራ ከአገሩ ሲወጣ ነው፤ በ20 ወይም በ22 ዓመቱ። መነጽር የሚያደርገው ያን ጊዜ ነው። ግድግዳ ረግጦ መዞርን የሚማረው ያን ጊዜ ነው። ሲዋኝ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ እንደ ከብት መሻገሩን ትቶ ፊቱን ውሃ ውስጥ መቅበር የሚለምደው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ሁሉ አሥር ዓመት ስጡት። 32 ዓመት ሆነው። ይኼኔ ነው የሚበስለው። ይኼኔ ነው እኛ ደግሞ «ጋሼ» ብለን ከመስመሩ የምናወጣው!

ስለዚህ የዕድሜ ነውር ለሁሉም እኩል አይደለም። ቀድሞ ገንዳ ያገኘውን ምንም አይነካውም፤ እሱ ጨርሶ ወጥቷል። የሚመታው ዘግይቶ የደረሰውን ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ደግሞ የደሃ ልጅ፣ የገጠር ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ሴት ልጅ ናት። የገጠር ሴት ልጅ በልጅነቷ ወንዝ የምትወርደው እንስራ ተሸክማ ነው፤ ለዋና ማን ጊዜ ሰጥቷት? ራሷን አውቃ፣ ገንዘቧን ይዛ፣ «እኔም ልዋኝ» ማለት የምትችለው ሠላሳን ስትሻገር ነው። መጀመሪያ «ገና ልጅ ነሽ፣ ወንዝ ይወስድሻል» ተባለች። ቀጥሎ «ልጃገረድ ነሽ፣ ገላሽ አይታይ» ተባለች። ከዚያ «ባለ ትዳር ነሽ» ተባለች። በመጨረሻ «እትዬ፣ አሁንማ አልፎበታል» ተባለች። መቼ ነበር ጊዜዋ? በየትኛው ማክሰኞ?

*

የሚገርመው ደግሞ ዕድሜን በሩጫ የምናከብረው እኛው ነን።

ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። በዚሁ አላበቃም። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስንገዛ፣ እሱ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አጠለቀ። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ድርብ ወርቅ የወሰደው ምሩፅ ይፍጠር ዕድሜው ስንት እንደሆነ ዓለም ሲከራከር ኖሯል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 35 ዓመቱ ነበር። ደራርቱ ቱሉ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ኒው ዮርክን ስታሸንፍ የ37 ዓመት እናት ናት። ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሁለተኛ ሲወጣ 41 ዓመቱ ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ።

እነዚህን ሁሉ «ጋሼ፣ ይኼ የወጣት ነው» ያልናቸው አለ? የለም። ያጨበጨብነው እኛው ነን። ታዲያ በአስፋልት ላይ ጀግንነት የሆነው ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ለምን ነውር ሆነ? ያውም ዋና ለዕድሜ ከሩጫ የራራ ስፖርት ነው። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ ከመሬት ጋር ይጋጫል፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ይከፍላሉ። ዋናተኛን ግን ውሃው ይሸከመዋል። ውሃ ደግሞ በጉልበት ሲደበድቡት ይቃወማል፤ በዘዴ ሲገቡበት ያሳልፋል። እጅ ውሃውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ጭንቅላት የት እንደሚቀመጥ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚሳብ ማወቅ በዓመታት የሚጠራቀም ሀብት ነው።

መልሱን ልንገራችሁ? በሩጫ አሸናፊ ስላለን ዕድሜውን አልጠየቅንም። በዋና አሸናፊ ስለሌለን ሰበብ ያስፈልገናል። ሰበብ ደግሞ ከዕድሜ የበለጠ ርካሽ የለም።

*

የተቃዋሚዎቼን ክርክር አውቀዋለሁ።

አንደኛው፣ «ጉልበት ይደክማል» ይለኛል። ይደክማል! ማን ካደ? ልብና ሳንባ በአርባ ዓመት እንደ ሃያ አይሆኑም። ድካም ቶሎ አይለቅም፤ ዛሬ በኃይል የዋኘ ጎልማሳ ነገ ማረፍ አለበት። በ200 ወይም በ400 ሜትር አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከዓለም ምርጦች ጋር ፊት ለፊት ይግጠም አላልሁም። ያልሁት ይሞክር ነው። ደክሞ ከሆነ ሰዓቱ ይናገራል። የማጣሪያ ሰዓት አውጡ፤ ያላሟላ ይውጣ፣ 18 ዓመቱም ይሁን 48። ሰዓት ከሰው ይልቅ ፍርድ ያውቃል፤ ፀጉር አይቆጥር፣ መላጣ አያይ።

ሁለተኛው፣ «የወጣቱን ቦታ ይወስዳል» ይላል። ይህ ክርክር ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስተውሉ። የ20 ዓመት ወጣት በ40 ዓመት ሰው ከተቀደመ ቦታው መጀመሪያውንም የሱ አልነበረም። አርባ ዓመት የሞላውን አስወጥቶ ወጣቱን አንደኛ ማድረግ ወጣቱን መዋሸት ነው። ሪዮ ሲደርስ እውነቱን ያኔ ይነግሩታል፤ በዓለም ቴሌቪዥን ፊት። ይልቅ አጠገቡ ባለው መስመር ላይ ያንን የማይለቅ ጎልማሳ አቁሙለት። እሱን ማሸነፍ ሲያቅተው እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ሲያጣ ይሠለጥናል። እኛን ሙሉ ወንዝ መሻገር ያስተማሩን ጎልማሶች ከፊታችን እየገቡ እንጂ ዳር ቆመው እያጨበጨቡ አልነበረም።

ሦስተኛው ክርክር ከባዱ ነው። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ዋና ታወራለህ?» እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አማራ ክልልን ያመሰው ጦርነት ያላንኳኳው ደጅ የለም። ስሟ «የሰላም ጎዳና» የሆነችው ፍኖተ ሰላምም አልተረፈችም። ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ልጅ ትቶ ስለ ገንዳ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን የወንዙ ሞት ጦርነትም ሰላምም አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰው በዓለም ላይ ሰጥሞ መሞቱን ገምቷል፤ አብዛኛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። ያንን እረኛ ከኋላው የሚገፈትረው ሌላ እረኛ ሳይሆን እጁን ይዞ የሚያስተምረው ዋናተኛ ያስፈልገዋል። ያ ዋናተኛ ከየት ይመጣል? በሃያ አምስት ዓመቱ «አረጀህ» ብለን ከውሃ ካወጣነው ሰው ነው? ከውሃ የወጣ ዋናተኛ እኮ በአምስት ዓመት ውስጥ ቦርጫም ተመልካች ይሆናል። ውድድር ያለው ሰው ግን ይሠለጥናል፤ የሚሠለጥን ሰው ያሠለጥናል።

*

እንግዲህ የምለው ምኞት ብቻ እንዳይሆን የምጠይቀውን ልጥቀስ።

የዋና ውድድር የሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ፌዴሬሽንም ይሁን ክልል፣ ክለብም ይሁን ትምህርት ቤት፣ በአዋቂዎች ምድብ ላይ የዕድሜ ጣሪያ አለመኖሩን በጽሑፍ ያስቀምጥ። በጽሑፍ! በቃል ከሆነማ መዝጋቢው ነውሩን ያስታውሳል። ቀጥሎ ዓለም «ማስተርስ» የሚለውን ምድብ ይክፈት። አዲስ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን በ1978 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የማስተርስ የዓለም ሻምፒዮናን ጀምሯል። ምድቡ ከ25 ዓመት ይነሣና በየአምስት ዓመቱ እየተከፈለ ወደ ላይ ይወጣል፤ መቶ ዓመትም አያቆመው። ሚዬኮ ናጋኦካ የሚባሉ ጃፓናዊት እናት ዋና የጀመሩት ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ነው። በ2007 ዓ.ም. በ100 ዓመታቸው 1500 ሜትር ዋኝተው ጨረሱ፤ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ። እኛ ሀገር ቢሆኑ ኖሮ ገና በሰማንያ ዓመታቸው «እማማ፣ አርፈው ጸሎትዎን ያድርሱ» ተብለው ያ ሁሉ ሜትር ሳይዋኝ ይቀር ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዳ። በየዞኑ ዋና ከተማ አንድ፣ የእብነ በረድ ሳይሆን የሲሚንቶ፣ ንጹሕ ውሃ ያለው፣ ልጁም አባቱም የሚገቡበት። ወንዞቻችን ቢልሃርዚያ አለባቸው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይገድላሉ። ገንዳ በሌለበት አገር ስለ ዋናተኛ ዕድሜ መከራከር ምጣድ ሳይኖር ስለ እንጀራ ዓይን መጣላት ነው።

እስከዚያው ግን ነውሩን የምናስቀረው እኔና እናንተ ነን። አርባ ዓመት የሞላው ጎረቤታችሁ ፎጣ በትከሻው ጥሎ ሲወጣ «ምነው ጋሼ?» አትበሉት። «ስንት ገባህ?» በሉት። የአንድ ሰው ክብር ዕድሜውን እያዩ ማስቀመጥ አይደለም። ሰዓቱን መያዝ ነው። ከተሸነፈ ይሸነፍ። መሸነፍ እኮ የተወዳዳሪ ድርሻ ነው፤ እንዳይወዳደር የተከለከለ ሰው እሷን እንኳ አያገኝም።